በ29 ዓመቱ ኢንሱሊን ለተጀመረለት ሰው፦ ሁለቱ ብልቃጥ፣ ያለ ፍሪጅ ማስቀመጥ፣ ጾም

የታቦሯ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው የታናሽ ወንድሜ ነው። ዕድሜው 29፣ ክብደቱ 54 ኪሎ፣ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ቀበሌ መምህር ነው። መጀመሪያ ውሃ ጥምና የሽንት ብዛት ይዞት ሲመረመር ስኳሩ በባዶ ሆድ 310 ወጣ። «ዓይነት ሁለት ነው» ተብሎ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ ተሰጠው። ክኒኑን እየዋጠም መክሳቱን አላቆመም። ባለፈው ሳምንት በማስመለስና በሆድ ቁርጠት ሆስፒታል ገባ፤ ስኳሩ 480፣ ሽንቱ ላይ ኪቶን (ኢንሱሊን ሲጠፋ ከስብ የሚመነጨው አሲድ) ሦስት ፕላስ። ተኝቶ ታክሞ ወጣ።

አሁን ክኒኑ ቆሞ የታዘዘለት እንዲህ ነው፦ ጠዋት ኤንፒኤች (ዘግይቶ የሚሠራው ኢንሱሊን) 14 እና ሬጉላር (ፈጣኑ) 6 ዩኒት፣ ማታ ኤንፒኤች 6 እና ሬጉላር 4 ዩኒት። የምጠይቃችሁ፦

በዚህ ዕድሜ ዓይነት አንድ ይነሳል ወይ? እሱ ትንሽ ቆይቶ ወደ ክኒን የሚመለስ ይመስለዋል። ሁለቱን ብልቃጥ በአንድ መርፌ መቀላቀልን በጥድፊያ ነው ያሳዩት፤ ደረጃ በደረጃ የሚያስረዳን እንፈልጋለን። የሚኖረው የቆርቆሮ ጣሪያ ባለው የኪራይ ቤት ነው፣ ፍሪጅ የለውም። ጾም ደግሞ እየደረሰ ነው፤ እናታችን ጠበል ይግባ እያለች ነው። በመጨረሻ አሜሪካ ያለች የአክስታችን ልጅ «ፔን (እንደ እስክሪብቶ ያለውን የኢንሱሊን መውጊያ) ልላክለት» ትላለች፤ ይጠቅመዋል?

ውስጥ_ደዌ፦

እግዜር ይማርልሽ። ሌላው ሁሉ በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ስለሚቆም ከእሱ ልጀምር።

ቀጭን ወጣት፣ በወራት ውስጥ የከሳ፣ ክኒን ያልያዘለት፣ በመጨረሻም ኪቶን ይዞ የተኛ ሰው ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ዓይነት አንድ ነው የሚታከመው። ዓይነት አንድ የልጆች በሽታ ብቻ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ፣ ባለሙያውም ጭምር። በ30ም በ50ም ይነሳል። በአዋቂ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ዘገም ይላል። የሰውነት መከላከያ ኢንሱሊን የሚያመርቱትን የቆሽት ሴሎች ቀስ እያለ ስለሚያጠፋ፣ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ክኒኑ የሠራ ይመስላል። ሐኪሞች ላዳ የሚሉት ይህንን ዘገምተኛ ዓይነት ነው። ግሊቤንክላማይድ ለእንዲህ ያለ ሰው የማይመከረው፣ የደከመውን ቆሽት አለንጋ ይዞ ስለሚነዳው ነው።

ምርመራ ከፈለጋችሁ ሁለት ነው። አንደኛው ጋድ የሚባለው አንቲቦዲ ነው፤ ከተገኘ የሰውነት መከላከያው እንዳጠቃው ያሳያል፤ ካልተገኘ ግን «አይደለም» ማለት አይደለም። ሁለተኛው ሲ-ፔፕታይድ ሲሆን ቆሽት ራሱ ምን ያህል ኢንሱሊን እንደሚያመርት ይናገራል። ይህን አሁን አታስለኩት። ስኳር ለሳምንታት በጣም ከፍ ብሎ ከቆየ ቆሽት ስለሚፈዝ፣ ዓይነት ሁለት ያለበት ሰውም ዝቅተኛ ውጤት ይወጣለታል። ስኳሩ ከተረጋጋ በኋላ፣ በምርመራው ሰዓት የነበረው የስኳር መጠን አብሮ ተለክቶ ቢሆን ነው ትርጉም የሚኖረው። ገንዘብ የሚያጥር ከሆነ ሁለቱንም ትታችሁ ስትሪፕ (በማሽን ስኳር የሚለካበትን ወረቀት) ግዙበት። የምርመራው ውጤት ዛሬ የሚወጋውን አይለውጥም፤ ስትሪፕ ግን ይለውጣል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ አካባቢያችሁን ስለሚመለከት። በጎንደር ዙሪያ ከገጠር የሚመጡ፣ በጣም የከሱ፣ በወጣትነት የሚጀምራቸውና ያለ ኢንሱሊን የማይሆንላቸው፣ ነገር ግን ኪቶን በቀላሉ የማይይዛቸው ሕመምተኞች በጥናት የታወቁ ናቸው። ከልጅነት የምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ነው ተብሎ ይታሰባል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለብቻው መድቦት ነበር፤ በ1999 አነሳው፤ ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ደግሞ በ2025 ዓይነት አምስት ብሎ መልሶ አምጥቶታል። ወንድምሽ ሦስት ፕላስ ኪቶን ስለነበረው ወደ ዓይነት አንድ ያደላል። ያም ሆነ ይህ መድኃኒቱ ኢንሱሊን ነው።

አሁን ወደ ክኒን ስለ መመለስ። ኢንሱሊን በተጀመረ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ስኳሩ ያለ ምክንያት መውረድ ሊጀምርና የሚወጋው መጠን በግማሽ ሊቀንስ ይችላል። የቀሩት ሴሎች እፎይ ብለው ለጥቂት ጊዜ ስለሚሠሩ ነው፤ ሃኒሙን ይሉታል። ሰው «ድኛለሁ» ብሎ መርፌ የሚጥለውና በኪቶን ተመልሶ የሚመጣው በዚህ ወቅት ነው። መጠኑ ይቀነሳል፤ ዜሮ አይደረግም።

አይኑ ቢደበዝዝበት ደግሞ መነጽር ለማሠራት አትቸኩሉ። ስኳር ሲወርድ የዓይን ሌንስ ውስጥ ያለው ውሃ ስለሚለዋወጥ እይታ ይዛባል፤ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ይመለሳል። አሁን የተሠራ መነጽር ያኔ አይሆነውም።

ፋርማሲ_ጥግ፦

ስለ ብልቃጡና ስለ መርፌው እኔ ልመልስ።

መጀመሪያ ሲሪንጁን ያዪ። ብልቃጡ ላይ «100» የሚል ካለ በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ማለት ነው፤ 10 ሚሊ ሊትሩ ብልቃጥ 1000 ዩኒት ይይዛል። ሲሪንጁም ዩ-100 መሆን አለበት፤ ክዳኑ ብዙ ጊዜ ብርቱካናማ ነው። ዩ-40 የሚባለው ባለ ቀይ ክዳን ሲሪንጅ ድንገት ቢገባባችሁ፣ 20 ብሎ የቀዳው 50 ዩኒት ሆኖ ይገባል። ሁለት ተኩል እጥፍ ማለት ነው፤ ሰው ይገድላል። ሌላው መስመሩ ነው። ባለ 1 ሚሊ ሊትሩ ላይ በአብዛኛው እያንዳንዷ ትንሽ መስመር 2 ዩኒት ናት፤ ባለ 0.5 ላይ ግን 1 ዩኒት። ሲሪንጅ በተቀየረ ቁጥር በሁለት ቁጥሮች መካከል ስንት መስመር እንዳለ ይቁጠር።

አቀዳዱ እንዲህ ነው። እጁን በሳሙና ይታጠብ። ሬጉላር ኩልል ያለ ውሃ መስሎ፣ ኤንፒኤች ደግሞ ደፍርሶ ነው መታየት ያለበት። የኤንፒኤቹን ብልቃጥ በሁለት መዳፉ መካከል ወደ 20 ጊዜ ቀስ ብሎ ያንከባልለው። አይመታ፤ አረፋ ይሠራል። ሳይንከባለል ከተቀዳ መድኃኒቱ ከታች ስለሚዘቅጥ ዛሬ ቀጭን፣ በወሩ መጨረሻ ወፍራም መጠን ይገባል፤ «መድኃኒቱ አንዳንዴ ይሠራል አንዳንዴ አይሠራም» የሚባለው ግማሹ ከዚህ ይመጣል። የሁለቱንም ጎማ በአልኮል ጠርጎ ይድረቅ።

ለጠዋቱ፦ 14 ዩኒት አየር ስቦ ኤንፒኤቹ ውስጥ ይግፋ፤ የመርፌው ጫፍ ፈሳሹን አይንካ፣ መድኃኒትም አይቅዳ፤ መርፌውን ያውጣ። ቀጥሎ 6 ዩኒት አየር ወደ ሬጉላሩ ይግፋ፣ መርፌው እንደተሰካ ብልቃጡን ገልብጦ 6 ዩኒት ሬጉላር ይቅዳ። የአየር አረፋ ካለ በጣቱ ኮርኩሞ መልሶ ይግፋና ልክ 6 ላይ ያቁመው። ከዚያ ኤንፒኤቹ ላይ ሰክቶ ገልብጦ ቀስ እያለ እስከ 20 ይሳብ፤ 14 ሲደመር 6 መሆኑ ነው። ከ20 ካለፈ የተረፈውን ወደ ብልቃጡ አይመልስ፤ የተቀላቀለ ስለሆነ ሲሪንጁን ጥሎ እንደ አዲስ ይጀምር።

ኩልሉ ለምን ይቀድማል? ኤንፒኤች ውስጥ ፕሮታሚን የሚባል አዘግይ አለ። ይህ ሬጉላሩ ብልቃጥ ውስጥ ከገባ ፈጣኑን ኢንሱሊን ያዘገየዋል፤ በምግብ ሰዓት የሚጠበቀው ሥራ ሳይሠራ ይቀራል። ሬጉላሩ ትንሽም ከደፈረሰ ይጣል። አየሩ የሚገፋው ደግሞ ብልቃጡ ውስጥ ክፍተት ተፈጥሮ መሳብ እንዳያቅት ነው።

የሚወጋው ከቆዳ በታች ባለው ስብ ላይ ነው። ወንድምሽ ቀጭን ስለሆነ ቆዳውን በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጎ ያንሳ፤ መርፌው ረጅም ከሆነ በ45 ዲግሪ ያጋድም፤ ጡንቻ ላይ ከገባ ፈጥኖ ይሠራና ስኳር ያወርዳል። ገፍቶ ሲጨርስ 10 ቆጥሮ ያውጣ፤ አይሽ። ከእምብርት ሁለት ጣት ያህል ይራቅ፤ ዛሬ ከወጋበት ነገ አንድ ጣት ፈቀቅ ይበል። ሁልጊዜ የማያመው አንድ ቦታ ላይ የሚወጋ ሰው እዚያ እብጠት ይወጣበታል፣ ከእብጠቱ ውስጥ ኢንሱሊን እንደ ልቡ አይወጣም፤ ስኳሩም ላይ ታች ይላል። ረጅም መንገድ በእግሩ በሚሄድበት ቀን ጭኑ ላይ አይውጋ።

አቀማመጥ፦ ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። የተከፈተው ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ቤት ውስጥ ያለ ፍሪጅ ይቆያል፤ ለስንት ጊዜ የሚለው በፋብሪካው ይለያያል፣ ወረቀቱ ላይ 4 ወይም 6 ሳምንት ይላል። ወረቀቱ ከጠፋ 28 ቀን ይያዝ። እዚህ ላይ አንድ ሂሳብ አለ፦ በቀን 10 ዩኒት ሬጉላር ነው የሚወጋው፤ 1000 ዩኒቱ 100 ቀን ይበቃዋል። ግን 100 ቀን አይጠቀምበትም! ገና ሰባት መቶ ዩኒት የቀረውን ብልቃጥ መጣል ያሳዝናል፣ ይገባኛል፤ ነገር ግን ጉልበቱ እያለቀ የሚሄድ መድኃኒት በዓይን አይለይም። የከፈተበትን ቀን በፕላስተር ብልቃጡ ላይ ይጻፍ።

ደብረ ታቦር ደጋ ነው፣ መተማ ወይም አፋር ቢሆን ሌላ ነገር እላችሁ ነበር። የእናንተ ችግር የቀትር ቆርቆሮ፣ መስኮት ዳር ያለ ፀሐይና የመኪና ዳሽቦርድ ነው። ከጣሪያው ርቆ መሬት አጠገብ፣ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። ሞቃት ወቅት ላይ ትንሽ ሸክላ ማሰሮ በትልቁ ውስጥ ከትቶ መሐሉን በአሸዋ መሙላት፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውሃ ማጠጣት፣ በእርጥብ ጨርቅ መክደን፤ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ላይ ከሆነ በደንብ ያቀዘቅዛል። ብልቃጡ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ይግባ። በዝናብ ወቅት አየሩ እርጥብ ስለሆነ ብዙ አይሠራም፤ ያኔ ደግሞ አያስፈልግም። መለዋወጫ ብልቃጦቹን ጤና ጣቢያው የክትባት ፍሪጅ ውስጥ እንዲያስቀምጡለት ይጠይቅ፤ ግን ከበረዶው ክፍል ርቆ። አንዴ የቀዘቀዘ ኢንሱሊን ሲሟሟ ደህና ይመስላል፤ አይሠራም። ኤንፒኤቹ ተንከባሎ ጓል ከቀረበት ወይም ብልቃጡ ግድግዳ ላይ አመዳይ የመሰለ ነገር ከተለጠፈ ይጣል።

ያገለገለው መርፌ በሃይላንድ ጠርሙስ አይጠራቀም፤ ይበሳዋል። ወፍራም የበረኪና ጀሪካን ይሻላል፤ ሲሞላ ክዳኑን አጥብቆ ለጤና ጣቢያው ይስጥ።

ሲስተር_ወ፦

ፋርማሲስቱ ብዙውን ጨርሶታል። እኔ ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ምግቡና ስለ ጾሙ።

ሬጉላር ሥራ የሚጀምረው በግማሽ ሰዓት ነው፣ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ይበረታል። ስለዚህ ወግቶ 30 ደቂቃ ጠብቆ ይበላል። ወግቶ እንጀራ እስኪመጣ ሰው ቤት መጠበቅ የለም፤ ምግቡ መኖሩን አይቶ ነው የሚወጋው። ኤንፒኤች ከ1 እስከ 2 ሰዓት ባለው ይጀምርና ከ4 እስከ 10 ሰዓት መካከል ይበረታል። ጠዋት 1 ሰዓት የተወጋው ከ5 ሰዓት ጀምሮ ጉልበት ያገኛል፤ ምሳ የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው። መምህር ስለሆነ እስከ 7 ሰዓት እያስተማረ ምሳ የሚያሳልፍ ከሆነ በ4 ሰዓት እረፍት ላይ ትንሽ ዳቦ ይብላ። የሐኪም ወረቀት ላይ በፈረንጅ ሰዓት የተጻፈ ካለ ወደ እኛ ሰዓት ገልብጣችሁ ትልቅ አድርጋችሁ ጻፉለት። «8» የሚለውን የእኛ ስምንት ሰዓት አድርጎ የሚወጋ አለ።

እንጀራን በተመለከተ፦ ከክብደቱ ወደ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋው ወደ ስኳር የሚቀየር ነው። አንድ ሙሉ እንጀራ 350 ግራም ቢመዝን ከ110 ግራም በላይ ይሆናል። ጤፍ መሆኑ ከዚህ ሂሳብ ነፃ አያወጣውም፤ «ጤፍ ለስኳር መድኃኒት ነው» የሚሉትን አትስሙ። ለመነሻ የሚያገለግል ስሌት ይኸውና፦ 450ን በቀኑ ጠቅላላ ኢንሱሊን ማካፈል። የእሱ 30 ዩኒት ስለሆነ 15 ይወጣል፤ አንድ ዩኒት ሬጉላር 15 ግራም ያህል ይሸከማል። 6 ዩኒቱ ወደ 90 ግራም ነው፦ ሁለት ሦስተኛ እንጀራ በሽሮ። የማታው 4 ዩኒት 60 ግራም ነው፦ ግማሽ እንጀራ የማይሞላ፣ ከወጥ ጋር። ግምት ነው፣ ልኩን የሚነግረው ማሽኑ ነው። ቁም ነገሩ ዛሬ ሩብ ነገ አንድ ተኩል አለመብላት ነው። ስኳር ያለው ሻይና ለስላሳ ለስኳር መውረድ ጊዜ ብቻ ይቀመጥ።

ስትሪፕ ውድ ነው፤ በቀን አንድ ብቻ ቢኖረው እንኳ ሰዓቱን እያቀያየረ ይለካ። በባዶ ሆድ የተለካው የማታውን ኤንፒኤች ይመሰክራል። ከምሳ በፊት ያለው የጠዋቱን ሬጉላር፣ ከእራት በፊት ያለው የጠዋቱን ኤንፒኤች፣ ሲተኛ ያለው የማታውን ሬጉላር። ሁልጊዜ ጠዋት ብቻ የሚለካ ሰው ከአራቱ ምስክር ሦስቱን አልጠራም። ደብተር ላይ ይጻፍ፤ ሐኪሙም ለውጥ ሲያደርግ ሦስት ቀን የተደጋገመ ነገር አይቶ፣ አንዱን ብቻ፣ በ2 ዩኒት ያህል ነው። ማንጎ ልጦ ሳይታጠብ የለካ ሰው 300 ሊያነብ ይችላል፤ እጅ ይታጠብ፣ ይድረቅ።

ከ70 በታች ከሆነ፣ ወይም ሳይለካም መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ ምት፣ ድንገተኛ ርሃብ ከመጣ፦ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ይጠጣ፣ ወይም የ300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ግማሹን፤ ስኳር አልባውን አይደለም። 15 ደቂቃ ቆይቶ ይለካ፣ ካልወጣ ይድገም። ከወጣ በኋላ ቀጣዩ ምግብ ከሩቅ ከሆነ ዳቦ ይብላ። ቆሎ፣ ለውዝ፣ ቸኮሌት ለዚህ ጊዜ አይሆኑም፤ ስብና ቃጫ ስላለባቸው ይዘገያሉ። ራሱን ከሳተ አፉ ውስጥ ምንም አይጨመርም፤ በጎኑ አስተኝቶ ወደ ጤና ጣቢያ ነው፤ እዚያ 40 በመቶ ግሉኮስ በደም ሥር ይሰጡታል። ባልደረቦቹ ይህን ይወቁ። ስኳር የወረደበት ሰው ሲንገዳገድና ሲቆጣ የጠጣ ነው የሚመስለው፣ በመምህር ላይ ደግሞ ወሬው ቶሎ ነው የሚነሳ። ጠላና አረቄን በባዶ ሆድ አይሞክር፤ ጉበት ስኳር መልቀቅ ያቆምና ሌሊት ላይ ይወርዳል።

ጾም ሁለት ነገር ነው። ሥጋና ወተት መተው ለኢንሱሊን ችግር የለውም፤ ምስርና ሽሮ ውስጥም ስኳር የሚሆን እንዳለ ማስታወስ ብቻ። ሰዓቱ ነው አደጋው። ጠዋት 14 ዩኒት ኤንፒኤች ወግቶ እስከ 9 ሰዓት ቢጾም ኤንፒኤቹ በጉልበቱ ላይ ሳለ ባዶ ሆድ ያገኘዋል። ያንን ፈርቶ የጠዋቱን መርፌ ቢዘል ደግሞ ኪቶን። በዚህ መድኃኒትና ገና በጀመረበት ወቅት የሰዓት ጾም አይቻልም፤ ለንስሐ አባቱ በግልጽ ይንገር፣ የታመመን ሰው ከሰዓት የሚያሳርፉት እነሱ ናቸው።

ጠበሉም እንደዚያው። መጠመቁም መጠጣቱም ከመርፌው ጋር አይጣላም። ብልቃጡን ይዞ ይሂድ፣ ከጠበሉ በፊት ያለ ምግብ ለረጅም ሰዓት አይቁም፣ ኢንሱሊኑን አንድ ቀንም አያቁም። ሽፈራው፣ ሬት፣ አብሽ የሚያመጡለት ይኖራሉ፤ የሌለውን ኢንሱሊን የሚተካ ቅጠል የለም።

ሲታመም፣ ሲያስመልሰው፣ ምግብ እምቢ ሲለው «አልበላሁም፣ ስለዚህ አልወጋም» ማለት ትልቁ ስህተት ነው። ኢንፌክሽን ራሱ ስኳር ያወጣል። በየ4 ሰዓቱ ይለካ፣ ውሃ ደጋግሞ ይጠጣ። ሬጉላሩ እንደ ምግቡ ሊቀነስ ይችላል፤ ኤንፒኤቹ ግን፣ ቢቀነስም፣ ይቀጥላል። የሽንት ኪቶን ስትሪፕ ርካሽ ነው፣ አንድ ቆርቆሮ ይኑረው። ኪቶን ሁለት ፕላስና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ውሃ ካልረጋለት፣ ወይም ትንፋሹ ጥልቅና ፈጣን ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ይሂድ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦

ስለ ፔኑ አንድ ነገር። እዚህ አሜሪካ ብዙ ሰው የሚያውቀው ግላርጂን ነው፤ ላንተስ የሚባለው። ጥሩ መድኃኒት ነው። ግን ኤንፒኤችን ተክቶ ብቻውን አይበቃም። ግላርጂን ቀኑን ሙሉ ዝግ ብሎ ይሠራል፣ ጠዋት የተወጋው ኤንፒኤች ለምሳ የሚሰጠውን ጉልበት አይሰጥም። ስለዚህ ለምሳም ሬጉላር መወጋት ይኖርበታል። በቀን ሁለት ጊዜ ኤንፒኤች ከሚወጋ ሰው ወደ ግላርጂን ሲቀየር መጠኑ በ20 በመቶ ያህል ይቀነሳል፤ 20 የነበረው በ16 ይጀመራል። ከማንም ኢንሱሊን ጋር በአንድ ሲሪንጅ አይቀላቀልም። ወሩ ሲያልቅ ወደ ኤንፒኤች መመለሱ ደግሞ ሌላ ሂሳብ ነው።

በየወሩ ሳይቋረጥ የሚደርስ ከሆነ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ይቀየር። አንድ ጊዜ ለስጦታ የሚመጣ ከሆነ ግን ይቅር። ከዚያ ይልቅ ገንዘቡን ለስትሪፕ ያድርጉት፤ ማሽኑን እዚያው ገበያ ላይ ስትሪፑ የሚገኝ ዓይነት አድርጋችሁ። ከዚህ የሚላክ ማሽን ስትሪፑ ሲያልቅ ጌጥ ነው። ከእንግሊዝ የሚመጣ ማሽን ደግሞ በሌላ መለኪያ ነው የሚያነብ፤ 5.5 ቢል በ18 ሲባዛ 99 ነው።

መንገደኛ ይዞ የሚመጣ ከሆነ ኢንሱሊን በእጅ ሻንጣ እንጂ በጭነት አይገባም። ከፔን ውስጥ በሲሪንጅ እየቀዱ መጠቀምም አደገኛ ነው፦ በሚሊ ሊትር 300 ዩኒት የሆነ ፔን አለ፣ በዩ-100 ሲሪንጅ ከተለካ ሦስት እጥፍ ይገባል።

የታቦሯ፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፤ አንድ በአንድ አነበብኩለት። አንድ ነገር አልነገርኳችሁም። ሌሊት ላብ አስምጦት ይነቃል፣ ሸሚዙ እስኪርስ። ጠዋት ሲለካ ግን 230፣ 240 ነው። «የማታው አንሶት ነው፣ ጨምር» ያለው ሰው አለ። የሚወጋው ማታ 1 ሰዓት ነው።

ውስጥ_ደዌ፦

አይጨምር! ማታ 1 ሰዓት የተወጋ ኤንፒኤች ከ5 ሰዓት ሌሊት ጀምሮ ነው የሚበረታው፣ ምግብ በሌለበት። ሁለት ሌሊት ማንቂያ ሞልቶ 9 ሰዓት ላይ ይለካ፤ በላብ ከነቃም ያኔውኑ። ከ70 በታች ከሆነ ጠዋት የሚያየው 230 ከመርፌ ማነስ የመጣ አይደለም፤ ወይ ተነስቶ ብዙ ስኳር በልቶ ይሆናል፣ ወይ የኤንፒኤቹ ጉልበት ሊነጋ ሲል አልቆ ነው። በ9 ሰዓትም 200ና ከዚያ በላይ ከሆነ ብቻ ነው «አንሶት ነው» የሚባለው፤ ያኔ ላቡ ሌላ ምክንያት ስላለው ይመርመር። ሳንባ ነቀርሳ የሌሊት ላብና መክሳት ስለሚያመጣ፣ ስኳር ባለበት ሰው ላይም ስለሚበዛ፣ ሳል ካለው አክታውን ያሳይ።

ከወረደ የተለመደው መፍትሔ የማታውን መርፌ ለሁለት መክፈል ነው። ሬጉላር 4 ከእራት ግማሽ ሰዓት በፊት በቦታው ይቆያል፣ ኤንፒኤቹ ለብቻው ወደ መኝታ ሰዓት፣ ወደ 3 ወይም 4 ሰዓት ይዛወራል። ጉልበቱ ወደ ንጋት ይሸሻል፤ ስኳር በተፈጥሮ የሚወጣውም ያኔ ነው። ይህን ሐኪሙ ጋ ደውሎ ዛሬውኑ ይጠይቅ፣ ቀጠሮው እስኪደርስ አይጠብቅ። እስከዚያ ሲተኛ ከ100 በታች ካየ አንድ ቁራሽ ዳቦ በልቶ ይተኛ፣ በጥብጦ የሚጠጣው ስኳርም ራስጌው ይሁን።

ፋርማሲ_ጥግ፦

መርፌው ለሁለት ከተከፈለ የማታው መጠን ትንሽ ስለሆነ፣ 4 እና 6 ዩኒት፣ ባለ 0.3 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ፈልጉለት። ባለ 1 ሚሊ ሊትሩ ላይ 4 ዩኒት ማለት ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ በኩራዝ ብርሃን ሁለቱን ከሦስቱ መለየት ይከብዳል፣ አንዲት የአየር አረፋ ደግሞ ግማሹን ትወስደዋለች። ካጣችሁ ባለ 0.5ቱም ይሆናል።